በኮምፔርሳቶው ያሻገርነው ውሃ

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ፣ አንድ ወርቅ ቤት ውስጥ ሁለት ሠራተኞች የመስታወት ሳጥን ሲገጥሙ ቆሜ አየኋቸው። አንደኛው ሲሊኮኑን በመጋጠሚያው ላይ እያሰመረ ሲያወርድ ሽታው እስከ ደጅ መጣ። ያልደረቀ ሲሊኮን አቼቶ አቼቶ ይሸታል። ሰውየው ጣቱን በምራቁ አርሶ መስመሩን ሲያለሰልስ፣ «በሳሙና ውሃ ነው እንጂ» ልለው አፌ ላይ መጥቶ ተውኩት። ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ ፍሥሐ ናቸው፤ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሁለት አኳሪየሞችን በቧንቧ ባገናኘንበት በዚያ የሁዳዴ ጾም።

የምንኖረው ከዋናው መንገድ ገባ ባለ አንድ አሮጌ ግቢ ጀርባ ነበር። ቤቱ ድሮ አንድ ሰፊ ክፍል ነበር፤ ከእኛ በፊት የነበረ ሰው መሀሉን በኮምፔርሳቶ ከፍሎ ሁለት ቤት አድርጎታል። በአንዱ እኔና እናቴ፣ በሌላው ጋሽ ፍሥሐ ብቻቸውን። ኮምፔርሳቶው ዓይን ይከልላል እንጂ ድምፅ አይከልልም። እሳቸው ሲያስነጥሱ እናቴ ከወዲህ «ይማርዎ» ትላለች፤ እሳቸው ከወዲያ «ያኑርሽ» ይላሉ።

ጋሽ ፍሥሐ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ሰዓት ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ነበሩ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሱቁን ዘጉ። የቀራቸው ሥራ አንድ ሜትር የሚረዝመው አኳሪየማቸው ነበር፤ ሰባት ቀይና አንድ ጥቁር ዓሣ ነበሩበት። እናቴ ኬክ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ስለነበረች፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ እስክትመጣ ድረስ እሳቸው ጋ እቀመጣለሁ። ብዙ የማልናገር ልጅ ነበርኩ። ሌላ ሰው ጠይቆኝ ቶሎ ካልመለስኩ «አፍ የለህም እንዴ?» ይለኛል። ጋሽ ፍሥሐ ግን ጠይቀው ሥራቸውን ይቀጥላሉ። መልሱ ከሩብ ሰዓት በኋላ ቢመጣ እንኳ ጥያቄውን አልረሱትም።

እኚህን ሰው ሊወስዱብኝ ነበር። የሚወስዷቸው ደግሞ እትዬ ሰብለ ናቸው፤ የጋሽ ፍሥሐ የእህት ልጅ። ሩቅ ኮንዶሚኒየም ይኖራሉ፤ ዓርብ ዓርብ የጾም ምግብ በሳህን ቋጥረው ይመጣሉ። ቤት እንደገቡ መጀመሪያ የሚያዩት ወለሉን ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄ ወለል ለምን ረጠበ?»

«ለዓሦቹ ውሃ ስጨምር ፈሰሰብኝ።»

«ባለፈው ሳምንትም ፈሰሰብዎ። አንድ ቀን አዳልጦዎት ቢወድቁ ማን ያነሣዎታል? ለፋሲካ እኔ ጋ ይመጣሉ፣ ከዚያ ወዲያ እዚያው ይቀራሉ። ክፍሉን አዘጋጅቻለሁ።»

«ዓሦቹስ?»

«ለሚፈልግ ሰው እንሰጣቸዋለና። አራተኛ ፎቅ ድረስ ይሄን ሁሉ ውሃ ማን ይሸከማል?»

እኔ ከኮምፔርሳቶው ወዲህ አልጋ ላይ ሆኜ ሁሉንም ሰማሁ። ያን ቀን ማታ እራቴን አልጨረስኩም።

በማግስቱ ጋሽ ፍሥሐ ኮምፔርሳቶውን አንኳኩና ጠሩኝ። የአንድ ደብተር ሽፋን ላይ ሥዕል ሠርተዋል፤ መስመሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፣ ልኩ ግን በሚሊሜትር ተጽፏል። ሐሳባቸው ይህ ነበር፦ በእኛ በኩል፣ ግድግዳውን አስጠግተን ሌላ ትንሽ አኳሪየም እንሠራለን። ኮምፔርሳቶውን በስተን ሁለቱን በቧንቧ እናገናኛለን። ከዚያ እኔ በእኛ በኩል ውሃ ስጨምር በእሳቸውም በኩል ይጨምራል። ጀሪካን የእሳቸውን ደጃፍ አይረግጥም፤ ወለላቸው ላይ ጠብታ አይታይም።

«ሰብለ ወለሉ ደርቆ ካገኘችው ምን ትላለች?» አሉኝ።

አሰብኩበት። «ምንም» አልኩ።

እናቴ ፈቀደች፤ «ቤቴ ውስጥ አንዲት ጠብታ ባይ ግን…» ብላ ቀሪውን ሳትጨርስ ተወችው። እኔ ያልተጨረሰውን ለብዙ ቀን ስጨርሰው ሰነበትኩ።

መስታወቱን አስቆርጠን ስንመጣ ግቢው በር ላይ የሞባይል ካርድ የሚሸጠው ቹቹ አየን።

«ጋሼ፣ ዓሦቹን ለጾሙ ነው የሚያደልቧቸው? ጉላሹ ሲደርስ ይጥሩኝ!»

«ላንተ አጥንቱን አስቀምጥልሃለሁ» አሉት ሳይቆሙ።

ሲሊኮኑን እሳቸው ሊይዙት አልቻሉም። እኔ ስይዘው እሳቸው ክንዴን ይይዙታል፤ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ የእኔም ይንቀጠቀጣል፣ ስለዚህ መጨረሻ ላይ ለቀው በቃል ብቻ መሩኝ። «አትቸኩል። ትንፋሽህን ያዝ። አሁን ጣትህን የሳሙና ውሃ ውስጥ ንከርና አለስልሰው።» ሽታው ቤቱን ሞላው። አቼቶ መሆኑን እርግጠኛ ስለነበርኩ፣ ሰላጣ ላይ የሚጨመር ነገር ለዓሣ አደገኛ ነው ብዬ ሁለት ቀን ተጨነቅሁ። ሦስተኛው ቀን ሽታው ጠፋ፤ ደረቀ አሉኝ።

ከዚያ ጠረጴዛዎቹን ማስተካከል መጣ። ይህ ብቻ የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብን። «የሁለቱ ጠርዝ እኩል ካልሆነ ዝቅ ያለው ይፈሳል» ይሉ ነበር። ግንበኞች እንደሚያደርጉት አንድ ቀጭን ጎማ በውሃ ሞልተን፣ አንዱን ጫፍ እኔ በዚህ፣ ሌላውን እሳቸው በዚያ ይዘን፣ በኮምፔርሳቶው ቀዳዳ አሳልፈን እየተጠራራን ለካን። የእኛ ጠረጴዛ ዝቅ ይላል። ከእግሮቹ ሥር ቆርኪ አስገባን፤ በአንደኛው እግር ሦስት፣ በሌሎቹ ሁለት ሁለት። መጨረሻ ላይ ልዩነቱ ከጥፍር ውፍረት ያነሰ ሆነ። ጋሽ ፍሥሐ እንዲያ ሲደሰቱ አይቼ አላውቅም። በሥራዬ ለመጀመሪያ ጊዜ የኮራሁት ያን ቀን ነው።

ቧንቧው እንደ በር ቅስት የታጠፈ ፕላስቲክ ነበር፤ አንዱ እግሩ በእሳቸው ውሃ፣ ሌላው በእኛ ውሃ ውስጥ፣ ጀርባው ኮምፔርሳቶው ላይ በበሳነው ቀዳዳ። ጀርባው ላይ ሐኪም ቤት ለግሉኮስ የሚሰቀለውን ቀጭን ጎማ ተክለንበታል። በእሱ በኩል አየሩን በሲሪንጅ መጥጠን ስናወጣ ውሃው ከሁለቱም ወገን ወደ ላይ ተሳበና ቅስቱ ላይ ተገናኘ። እኔ በእኛ በኩል አንድ ጆግ ጨመርኩ። ጠበቅሁ።

«መጣ!» አሉ ከወዲያ። «ግማሽ ጣት ከፍ አለ። ውሃ እኩል መሆን ይወዳል።»

ይህን አነጋገር ልጅ ስለነበርኩ እንዳለ ወሰድኩት። ውሃ የሚወደውና የማይወደው ያለው መሰለኝ። እጄን እኛ ጋ ስነክር በእሳቸው በኩል ከፍ እንደሚል ሳውቅ ደግሞ፣ በውሃው በኩል ሌላም ነገር የሚሻገር መሰለኝ፤ እኔ ስፈራ እሳቸው የሚያውቁ። ስለዚህ በፈራሁ ቁጥር ከመስታወቱ ራቅ ብዬ እቀመጥ ነበር።

የምፈራው ደግሞ አረፋውን ነበር። የእሳቸው ፓምፕ የተጣራውን ውሃ በሌላ ቀጭን ጎማ ወደ እኛ ይልካል፤ ቅስቱ ይመልሰዋል። ቅስቱ ጀርባ ላይ ግን ቀስ እያለ አየር ይጠራቀማል። አረፋው ካደገ ውሃው ይቆረጣል፤ ፓምፑ መላኩን አይተውም፣ ቅስቱ አይመልስም፣ የእኛ ቤት ይጥለቀለቃል። በየጠዋቱ ቁርስ ሳልበላ አረፋውን አየዋለሁ። ከምስር ፍሬ ከበለጠ በሲሪንጅ አወጣዋለሁ። እናቴ «ይሄ ልጅ ፊቱን ሳይታጠብ ቧንቧ ይሳለማል» ትል ነበር።

እትዬ ሰብለ ከዚያ በኋላ በመጡበት ዓርብ ወለሉን በእግራቸው ጫፍ ሞከሩት። ደረቅ። ቅስቱን አዩ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ከጎረቤት ጋር ተያይዘን ነው።»

«እሺ። እናያለን» አሉ። የሚቀጥለው ዓርብም፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም ደረቅ ነበር። ስለ ክፍሉ ማንሣታቸውን ግን አላቆሙም። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀረው።

በዚያን ጊዜ ሰፈራችን ውሃ በፈረቃ ነበር፤ ማክሰኞና ዓርብ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሰባት ሰዓት በኋላ። ለዓሦቹ የምጨምረው ሁለት ቀን በጀሪካን ያደረ ውሃ ነው፤ ከቧንቧ እንደወጣ በረኪና በረኪና ይሸታል፣ ዓሣ ይጎዳል። አንድ ሳምንት ግን ማክሰኞ ውሃው ሳይመጣ ቀረ። ጀሪካኖቹን እናቴ ለማብሰያና ለመጠጥ ጨረሰቻቸው። ዓርብ ጠዋት ሳይ ውሃው ከምልክቱ አራት ጣት ወርዷል። የቅስቱ እግር ከውሃው በላይ ሊወጣ የቀረው አንድ ጣት አይሞላም። ከወጣ አየር ይገባል። ጋሽ ፍሥሐን ስጠራ አይመልሱም፤ በጾም ዓርብ ቅዳሴ ወደ ጊዮርጊስ በጠዋት ይሄዳሉ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይመለሱም።

በእኛ ግቢ እንደ ማንኛውም ቤት ቧንቧ ተዘግቶ አያድርም። ውሃ ሲጠፋ ጎማውን በርሜል ውስጥ ከትተን፣ ቧንቧውን ከፍተን ወደየሥራችን እንሄዳለን፤ ውሃው ሲመጣ ራሱ ይሞላል። እናቴም ያን ቀን ስትወጣ «ጎማውን በርሜሉ ላይ አድርገህ ክፈተው» ብላኛለች። እኔ ጎማውን ከበርሜሉ አውጥቼ በመስኮቱ ብረት መሀል አሳልፌ አኳሪየሙ ውስጥ ከተትኩት። እንዳይወጣ ጠርዙ ላይ በሲባጎ ሁለት ጊዜ ቋጠርኩት። የግቢውን ቧንቧ ሩብ ዙር ብቻ ከፈትኩ፤ ፉጨት እንኳ አላሰማም። ውሃው ከሰባት ሰዓት በኋላ ሲመጣ እኔ ለምሳ ቤት እሆናለሁ፣ ጥቂት አስገብቼ እዘጋዋለሁ። በረኪናውም ትንሽ ስለሚሆን አይጎዳም። ሁሉን አስቤ በሩን ቆልፌ ሄድኩ።

ትምህርት ቤታችን አምስት ኪሎ አካባቢ ነበር። ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ፣ አራት ሰዓት ከአሥር ሲሆን፣ ሜዳው ላይ ያሉት ቧንቧዎች አሳላቸው። መጀመሪያ አየር ተፉ፣ ከዚያ ግርርር አሉ። ውጭ ስፖርት ላይ የነበሩ ልጆች «ውሃ መጣ!» ብለው ጮኹ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ሰዓቱን አየሁ።

እዚህ ከመጣ እኛ ጋም መጥቷል። ደብተሬን ገልብጬ መጻፍ ጀመርኩ። በሩብ ዙር አንድ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን በአሥራ አምስት ደቂቃ ይሞላል። ሁለቱ አኳሪየሞች እስከ ጠርዛቸው ሰባ አምስት ሊትር ገደማ ይፈልጋሉ። ሃምሳ ስድስት ደቂቃ። አምስት ሰዓት ከስድስት ላይ ይፈስሳል። የምሳ ደወል የሚደወለው ስድስት ሰዓት ተኩል ነው።

አስተማሪው ከኋላዬ ቆመው ነበር። «ይሄ የየትኛው ምዕራፍ ነው?»

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ቤታችን ውሃ ውስጥ እየገባ ነው፣ ይፍቀዱልኝ፤ ይኸው ነው ነገሩ። አርባ ስድስት ልጅ ዞሮ አየኝ። «ልምምድ ነው» አልኩ። አምስት ሰዓት ከስድስት ሲሆን የሰዓቱን ዘንግ እያየሁ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ሰማንያ አራት ደቂቃ በጀሪካን ቆጠርኩት፤ ከአምስት ተኩል በላይ ሆነ።

ደወሉ ሲደወል ሮጥኩ። በራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል፣ ከዚያ ሽቅብ። ግቢው በር ላይ ቹቹ «ምነው፣ ውሻ ነው?» አለኝ፤ አልመለስኩለትም። ቧንቧውን ዘጋሁት። በራችንን ስከፍት ውሃው ጫማዬን አለፈው። የእናቴ ፍራሽ መሬት ላይ ነበር፤ በጫፉ በኩል ጠጥቶ ጠቁሯል። በጋሽ ፍሥሐ የተቆለፈ በር ሥር ደግሞ ውሃ እየወጣ ወደ ግቢው ይወርዳል።

ያኔ ነው የገባኝ። ሁለት ቀን በቆርኪ ያስተካከልነው ጠርዝ ሥራውን ሠርቷል። ዝንፍ ያለ ቢሆን ኖሮ ዝቅ ያለው የእኛው ነበር፣ ውሃውም እኛ ጋ ብቻ ይፈስ ነበር። እኩል ስለሆነ እኩል ፈሰሰ።

መወልወያ ፈልጌ ከደጃቸው የሚወጣውን ስጠርግ ቆይቼ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል እትዬ ሰብለ ሳህናቸውን በፌስታል ይዘው ገቡ። ቆሙ። ከቦርሳቸው የጋሽ ፍሥሐን ቤት ትርፍ ቁልፍ አውጥተው ከፈቱ። ምንጣፉ ተንሳፍፏል። ዓሦቹ ውሃው ጫፍ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ።

«ይኸው» አሉ ቀስ ብለው። «ይኸው ያልኩት። ውሃ ከፍተው ረስተውት ሄደዋል። ቤት ውስጥ ሆነው ቢሆን ኖሮስ?»

እኔ መወልወያውን ይዤ ቆምኩ። ቃሉ ሁለት ነበር፤ «እኔ ነኝ»። አልወጣም።

ጋሽ ፍሥሐ ነጠላቸውን እንዳጣፉ በሩ ላይ ደረሱ። ወለሉን አዩ፣ ዓሦቹን አዩ፣ እኔን አዩ። ከእኔ ላይ ዓይናቸውን ለማንሣት ትንሽ ቆዩ።

«አይ የኔ ነገር» አሉ። «ጠዋት ስወጣ ጎማውን ከትቼው ረሳሁት።»

«አየህ ማሙሽ» አሉ እትዬ ሰብለ ወደ እኔ ዞረው፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «ጣጣው ለእናትህም ቤት ተረፈ።»

ጋሽ ፍሥሐ ከአፋቸው የወጣው ነገር የት እንደሚያደርሳቸው ያውቃሉ። እኔም አወቅሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ።

«ተወው ልጄ፣ ለእሳቸው ብለህ አትዋሽ።»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ጎበዝ ልጅ ነህ። አሁን ግን ዝም በል።»

በሕይወቴ ሙሉ ተናገር ሲሉኝ ኖረው፣ በተናገርኩበት ቀን ዝም በል ተባልኩ። አንገቴ ላይ በክር የተንጠለጠለውን ቁልፍ አወጣሁ። «የጎማው ጫፍ ያለው በእኛ ቤት ነው። እኛ ቤት ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ እናቴ ጋ ሥራ ቦታ፣ አንዱ ይኸው። ጋሽ ፍሥሐ ጠዋት ስነሣ ሄደዋል። እኔ ስወጣ ቆልፌዋለሁ። ጎማው ጠርዙ ላይ ታስሯል፤ ከመስኮቱ ሆኖ የሚደርስ የለም።» ቋጠሮው የተቋጠረው ጥብቅ አድርጎ መሆኑንም ልጨምር ነበር፤ የጋሽ ፍሥሐን እጅ አየሁና ተውኩት።

እትዬ ሰብለ በእኛ በር ገብተው ጎማውን አይተው ተመለሱ።

«ጋሼ፣ ለምን ዋሹ?»

«ልጁ ደንግጦ ነበር።»

«እና ገና ሳይቀመጡ፣ ገና ነጠላዎን ሳያወልቁ ይሄን ሁሉ አስበው ዋሹ?»

ጋሽ ፍሥሐ ወደ አኳሪየሙ ዞሩ። በዚህ መሀል ጥቁሩ ዓሣ ጎኑን ሰጥቶ ዘመም አለ። «በረኪናው ነው» አሉ፤ «ውሃው አየር ካገኘ ይተነዋል። ኩባያ አምጡ።» ሦስታችን ኩባያ ይዘን ውሃውን እየቀዳን ከፍ አድርገን መልሰን እናፈስሰው ጀመር። የጋሽ ፍሥሐ ኩባያ ግማሹን ውጭ ያፈሳል፤ ወለሉ እንደሆነ ረጥቧል። እትዬ ሰብለ እጅጌያቸውን እስከ ክርናቸው ሰብስበው ከሁላችንም በላይ ፈጥነው ይቀዱ ነበር። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሁለት ቀዮች ሞቱ። ጥቁሩ ቀና አለ።

እትዬ ሰብለ ኩባያቸውን ሳያቆሙ ተናገሩ። «የሚረሳ ሰው እንዲህ ቶሎ አይዋሽም። እኔ እዚህ የምመጣው አእምሮዎ ደከመ ብዬ ነው።»

«እጄ ነው የደከመው» አሉ ጋሽ ፍሥሐ።

«አየሁት።» ቀዱ፣ አፈሰሱ። «ፋሲካን እኔ ጋ ይውላሉ። በማግስቱ ራሴ እመልስዎታለሁ። ይሄ ልጅ ግን ጎማ እንዳይነካ።»

«በጀሪካን ብቻ» አልኩ።

«በጀሪካን ብቻ» አሉ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የግቢው በር ሲከፈት ሰማን። የእናቴ የጫማ ድምፅ ነው። ሦስታችንም እጃችን ውሃው ላይ ቆመ።

«እኔ እነግራታለሁ» አሉ ጋሽ ፍሥሐ።

«እርስዎ ይቅሩ» አሉ እትዬ ሰብለ፤ «ለዛሬ የዋሹት ይበቃዎታል።»

ኩባያዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ካልሲዬ በየእርምጃው ይጮኻል። እናቴ በራችን ጋ ሳትደርስ፣ ግቢው መሀል ላይ ቀደምኳት።

«እማዬ» አልኳት፣ «ፍራሽሽ ረጥቧል። ያረጠብኩት እኔ ነኝ።»